የ25ቱ ገደብ ከተነሳ ወዲህ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖች ለምን በየዓመቱ ይበተናሉ?

በ2022 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች 11ዱን ተሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ የተቀጠረው አሰልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ በመጀመሪያው ስብሰባ ነባሮቹን ተጫዋቾች ሌላ ቡድን እንዲፈልጉ ፊት ለፊት ነገራቸው። በ2023 ሜዳ የገባው ቡድን ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ50 በላይ ተጫዋቾችን ያስመጣ ነበር። ያን ዓመት 4 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፤ በ2024 ግን 9 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ሁሉ ለዚህ ዓይነቱ ግልብጥብጥ ገንዘብን ተጠያቂ ያደርጋል። ገንዘቡ ድርሻ አለው። ነገር ግን ተጫዋች ስለከፈሉት ብቻ አንድ ቡድን 50 ሰው በአንድ ጊዜ ማስገባት አይችልም፤ ደንቡ መፍቀድ አለበት። ለአሥርተ ዓመታት ደንቡ አይፈቅድም ነበር። ከተቀየሩት ነገሮች ሁሉ ብዙም ያልተወራለት፣ ግን የቡድኖቹን ቅርጽ ከሥሩ የለወጠው፣ አንድ ቡድን በዓመት ከ25 በላይ አዲስ የስኮላርሺፕ ተጫዋች እንዳያስገባ የሚከለክለው ገደብ መነሳቱ ነው።

ኮታው ከየት መጣ?

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ አገር አቀፍ የስኮላርሺፕ ጣሪያ አልነበረውም። ገንዘብ ያለው ዩኒቨርሲቲ የፈለገውን ያህል ይመለምላል፤ ለራሱ ባይጠቅመው እንኳ ለተቀናቃኙ እንዳይደርስ ወስዶ ያስቀምጠዋል። በ1973 ወደ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሄደው አሰልጣኝ ጆኒ ሜጀርስ በአንድ ዓመት ከ70 በላይ አዳዲስ ልጆችን አስገባ። ከመካከላቸው አንዱ በኋላ ስመ ጥር ኮከብ የሆነው ቶኒ ዶርሴት ነበር። ቡድኑ በ1976 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። የኮሎራዶን ነገር ታይቶ የማይታወቅ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይህንን ይዘነጉታል፤ ልዩነቱ ፒትስበርግ ያስገባው ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ ልጆችን፣ ኮሎራዶ ደግሞ በሌላ ኮሌጅ የተፈተኑ ወጣቶችን መሆኑ ነው።

ኤንሲኤኤ በ1973 ጣሪያ አበጀ፤ በጠቅላላው 105፣ በዓመት 30። ጠቅላላው በ1978 ወደ 95 ወረደ። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 92፣ 88፣ በመጨረሻም 85 ሆነ። ዓመታዊው ገደብ 25 ላይ ረጋ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ 85 እና 25፣ ለአንድ ትውልድ ያህል የአሰልጣኞች የሒሳብ ሰሌዳ ነበሩ።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ተጫዋች በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን የመጫወት መብት አለው። በየዓመቱ 25 ካስገባህ በአራት ዓመት 100፣ አምስተኛውን ዓመት የሚቆዩት ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ጣሪያው ግን 85 ነበር። ስለዚህ 25 ሙሉ የሚያስገባ አሰልጣኝ በየዓመቱ ጥቂት ልጆች እንደሚለቁ፣ እንደሚጎዱ ወይም በትምህርት እንደሚወድቁ አስቀድሞ አስቦ ነው የሚመለምለው። ካልለቀቁስ? ያኔ የማስለቀቁ ሥራ ይጀመራል፤ ሕክምና ላይ የቆየው ልጅ በጤና ምክንያት ጡረታ እንዲወጣ ይመከራል፣ ሌላው ሜዳ እንደማያይ ይነገረዋል።

ከዚሁ ሒሳብ የተወለዱ ዘዴዎች ነበሩ። አንዱ ልጁን አስፈርሞ ትምህርቱን ከመስከረም ይልቅ በጥር እንዲጀምር ማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ኮታ ይቆጠራል። ይህን ግሬይሸርት ይሉታል። ብሉሸርት የሚባለው ደግሞ በደንቡ ትርጉም እንዳልተመለመለ የሚቆጠር ልጅ፣ ማለትም ቤቱ ያልተጎበኘ፣ በትምህርት ቤቱ ወጪ ካምፓሱን ያልጎበኘና ፊርማ ያልተላከለት ልጅ ሲሆን፣ ደርሶ ልምምድ ከጀመረ በኋላ ስኮላርሺፕ ይሰጠውና እሱም ለሚቀጥለው ዓመት ይቆጠራል። ከሁሉም ደፋሩ ዘዴ ከቦታው በላይ ማስፈረም ነበር። ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በ2009 በአንድ የፊርማ ወቅት 37 ልጆች ካስፈረመ በኋላ ኤስኢሲ የተባለው ሊግ በዚያው ዓመት የፊርማውን ቁጥር በ28፣ በ2011 ደግሞ በ25 ገደበው።

ገደቡ ለተጫዋቹ ከለላ የሚመስል ቢሆንም ጉድጓድም ይቆፍር ነበር። ዓመታዊው ኮታ የሚቆጥረው የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን አይደለም። አንድ ቡድን በአንድ ዓመት 35 ተጫዋች ቢያጣ መተካት የሚችለው 25 ብቻ ነው፤ ከ85 ወደ 75 ይወርዳል። በቀጣዩ ዓመት 30 ቢያጣ 70 ይሆናል። ከዚያ ለመውጣት በርካታ ዓመታት ያስፈልጋሉ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። አሰልጣኝ ቻርሊ ዋይስ ቶሎ ለማሸነፍ ሲል ከሁለት ዓመት ኮሌጆች ብዙ ተጫዋች ሰበሰበ። እነዚህ ሁለት ዓመት ተጫውተው የሚጨርሱ ናቸው፤ ገሚሱም ከመጀመሪያው አልሆነም። ተተኪው አሰልጣኝ በ2015 የተረከበው ቡድን ከ85 በእጅጉ ያነሰ የስኮላርሺፕ ተጫዋች የነበረው ሲሆን 12ቱንም ጨዋታ ተሸነፈ።

ገደቡ እንዴት ተነሳ?

በጥቅምት 2018 ኤንሲኤኤ የዝውውር መዝገቡን፣ ትራንስፈር ፖርታል የሚባለውን፣ ከፈተ። ከዚያ በፊት ተጫዋች መልቀቅ ሲፈልግ አሰልጣኙን ማስፈቀድ ነበረበት፤ አሰልጣኙም ከእነዚህና ከእነዚህ ቡድኖች ጋር እንዳይነጋገር ብሎ ሊያግደው ይችል ነበር። አሁን ተጫዋቹ ለዩኒቨርሲቲው የደንብ ተቆጣጣሪ ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ቢሮው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ ማንኛውም አሰልጣኝ ሊያነጋግረው ይችላል። ያም ሆኖ አዲሱ ቡድን ውስጥ አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። በሚያዝያ 2021 ይህ ቅጣት ለአንድ ጊዜ ዝውውር ተነሳ። በታኅሣሥ 2023 በዌስት ቨርጂኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ለሚዛወሩትም ቅጣቱን አገደ፤ በ2024 ኤንሲኤኤ ራሱ በትምህርቱ እስካልወደቀ ድረስ ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር ፈቀደ።

መውጫው ሲከፈት መግቢያው አሁንም 25 ላይ ነበር። ችግሩ ወዲያው ፈጦ ታየ። በጥር 2022 ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ከካንሳስ ስቴት ጋር ቴክሳስ ቦውል ለሚባለው የውድድር ዘመን መዝጊያ ጨዋታ ሲሰለፍ የነበሩት የስኮላርሺፕ ተጫዋቾች 39 ብቻ ነበሩ፤ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች፣ አጥቶ ኳስ ተቀባዩን ጆንትሬ ከርክሊንን በቦታው አሰልፎ 42 ለ20 ተሸነፈ። የአሰልጣኝ ለውጥ፣ ወደ ፕሮፌሽናል የሚሄዱ ተጫዋቾችና ዝውውር በአንድ ወር ውስጥ ሲገጣጠሙ የሚሆነው ይህ ነው። ኤንሲኤኤ መጀመሪያ ለሚለቁት ምትክ እስከ 7 ተጨማሪ ፈቀደ፤ በግንቦት 2022 ደግሞ 25ቱን ለሁለት ዓመት አነሳው፤ በ2023 ጭራሽ ሰረዘው። ኮሎራዶ የመጣው በዚህ ቀዳዳ ነው።

በእኔ አስተያየት ኤንሲኤኤ የተሳሳተውን ጥያቄ ነበር የመለሰው። ሊጠይቅ የሚገባው ለምን ይህን ያህል ተጫዋች ይወጣል የሚለውን ነበር፤ የመለሰው ግን የወጣውን በምን እንተካው የሚለውን ነው። ምትክ ያለገደብ ሲፈቀድ አሰልጣኙ ነባሩን ታግሦ የሚያሳድግበት ምክንያት ተሟጠጠ። ድሮ ከ25ቱ አንዱን ቦታ የወሰደ ልጅ ባይሆንለት እንኳ አሰልጣኙ ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራበት ነበር፤ ቦታው እንደዋዛ አይተካምና።

105 እና ሃያ ሚሊዮን

ሰኔ 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ሃውስ በሚል የሚታወቀውን የክስ ስምምነት አጸደቁ። ላለፉት ዓመታት ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአሥር ዓመት ይከፈላል። ከዚያ በላይ የወደፊቱን የለወጡት ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ጣሪያው ለ2025–26 ለሁሉም ስፖርቶች በድምሩ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሁለተኛ፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ኮታ ጨርሶ ቀርቶ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ጣሪያ መጣ፤ ለፉትቦል 105።

85 ወደ 105 ሲሄድ የጨመረ ይመስላል። የስኮላርሺፑ ቁጥር አዎ፣ ሊጨምር ይችላል። ቡድኑ ግን ጠበበ። ምክንያቱም ድሮ ከ85ቱ በተጨማሪ ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሳቸው ወጪ እየተማሩ የሚለማመዱ ልጆች ነበሩ፤ ዎክ-ኦን ይባላሉ። ብዙ ቡድኖች ከእነሱ ጋር 120ም 130ም ይደርሱ ነበር። የልምምድ ቀን የተጋጣሚውን ስልት እየተጫወቱ ዋናውን ቡድን የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው። ጆርጂያን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ኳርተርባክ ስቴትሰን ቤኔት ቡድኑን የተቀላቀለው በዚህ በር ነው። ስምምነቱ ገና ሳይጸድቅ አሰልጣኞች እነዚህን ልጆች ማሰናበት ጀምረው ስለነበር ዳኛዋ በሚያዝያ 2025 ስምምነቱን ሳያጸድቁ አቆዩት፤ በመጨረሻ ቦታቸውን ያጡትና ሊያጡ የነበሩት ከ105 ውጭ እንዲቆጠሩ ተደረገ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው እንዲመልሳቸው የሚያስገድደው ነገር የለም፤ መብቱ ከ105 ውጭ የመቆጠር እንጂ የመመለስ አይደለም።

አንድ ነገር ብዙ ወላጆች ያመልጣቸዋል። ድሮ በከፍተኛው እርከን ፉትቦል ስኮላርሺፕ ሙሉ ብቻ ነበር፤ ግማሽ የወሰደም አንድ ሙሉ ቁጥር ይይዝ ስለነበር ማንም ግማሽ አይሰጥም። አሁን ለ105ቱ በፈለጉት መጠን ማከፋፈል ይችላሉ። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ ሰጥተውታል» የሚለው ዜና ብቻውን ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። በተጨማሪም ከድሮው ኮታ በላይ የሚሰጡ አዳዲስ ስኮላርሺፖች እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ከ20.5 ሚሊዮኑ ላይ ይቀነሳሉ። በተግባር ለ95ኛው ተጫዋች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ለጥሩ ተከላካይ ከሚከፈለው ገንዘብ ጋር ይፎካከራል። ማን እንደሚሸነፍ መገመት አያዳግትም።

በርካታ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከጣሪያው 75 በመቶ ያህሉን ለፉትቦል ይመድባሉ፤ ወደ 15.4 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለ105 ቢካፈል ለአንድ ሰው 146 ሺህ ገደማ ይደርሳል፤ ግን ማንም እኩል አያካፍልም። ኳርተርባክና የመስመር ተጫዋቾች ትልቁን ይወስዳሉ። ከ600 ዶላር በላይ የሆነ የውጭ የማስታወቂያ ውል ደግሞ ኤንአይኤል ጎ በተባለው ሥርዓት መመዝገብና መጽደቅ አለበት፤ ከኋላው ያለው አሠራር ደመወዝን በማስታወቂያ ስም መክፈልን ለማስቀረት የታሰበ ነው።

ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ?

ለምሳሌ አንድ አሰልጣኝ በዓመቱ መጨረሻ 40 ቦታ ተከፈተለት እንበል። ድሮ ቢሆን 25 አስገብቶ በአብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ ይወስዳል። አሁን 15 ከሁለተኛ ደረጃ፣ 25 ከዝውውር መውሰድ ይችላል፤ ይወስዳልም። የ17 ዓመት ልጅ ሰውነቱ እስኪጠነክር ሁለት ዓመት ይፈልጋል፤ በነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ ሊለቅ ይችላል። የ21 ዓመቱ ተጫዋች ግን በኮሌጅ ደረጃ ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ አለው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በ2023 ከ12 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ ነበር። ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ሲመጣ 13 ተጫዋቾቹን ይዞ መጣ፤ በ2024 11 አሸነፈ። በ2025 ደግሞ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በተዛወረው ኳርተርባክ ፈርናንዶ ሜንዶዛ እየተመራ 16ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ዓይነት ዝላይ በ25ቱ ዘመን የማይታሰብ ነበር።

ለተጫዋቹም ቢሆን ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ካም ዋርድ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ትልልቆቹ ዞር ብለው አላዩትም፤ ኢንካርኔት ወርድ ከተባለ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወደ ዋሽንግተን ስቴት፣ ከዚያ ወደ ማያሚ ተዛወረ፤ በ2025 የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ አንደኛ ሆኖ በቴነሲ ታይታንስ ተወሰደ።

በዚህ ሁሉ ከስሮ የሚቀረው ልጁን ያገኘውና ያሳደገው ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአውሮፓ እግር ኳስ ትንሽ ክለብ ተጫዋቹን ሲያጣ ቢያንስ የዝውውር ሒሳብ ያገኛል። እዚህ በአብዛኛው ምንም የለም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በአዲሶቹ የክፍያ ውሎች ውስጥ ማፍረሻ ገንዘብ ማስገባት ጀምረዋል፤ በፍርድ ቤት ምን ያህል እንደሚጸና ገና እየተፈተነ ነው። ዊስኮንሲን በሰኔ 2025 ማያሚን የከሰሰው በእንዲህ ዓይነቱ የክፍያ ውል ምክንያት ነው። ተጫዋቹ ዜቪየር ሉካስ ውል ፈርሟል በሚል ዩኒቨርሲቲው ስሙን መዝገቡ ላይ ለማስፈር እምቢ አለ፤ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ እንደ ማንኛውም ተማሪ ማያሚ ተመዝግቦ ገባ፤ በ2025ም ለማያሚ ተጫወተ። መዝገቡ የሚያግደው አሰልጣኞችን ከማነጋገር እንጂ ተማሪን ከመመዝገብ አይደለም።

የቀን መቁጠሪያው ወጥመድ

ኤንሲኤኤ የሚለቀውን ቁጥር ለመቀነስ የዝውውር ጊዜውን እያሳጠረ መጥቷል። ሁለት የነበረው መስኮት፣ በታኅሣሥና በሚያዝያ፣ ለ2025–26 አንድ ሆነ፤ ከጥር 2 እስከ 16። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ቡድኖች ተጫዋቾች ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ያገኛሉ፤ አሰልጣኝ የተቀየረባቸው ደግሞ አዲሱ ከተቀጠረ ከአምስት ቀን በኋላ የሚጀምር የ15 ቀን መስኮት አላቸው።

የሚያዝያው መቅረቱ ቡድኖችን አሳርፏል። በሚያዝያ 2025 የቴነሲው ኳርተርባክ ኒኮ ኢያማሌያቫ በክፍያ ሳይስማማ ለቆ ዩሲኤልኤ ወደተባለው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቴነሲ የፀደይ ልምምዱን ጨርሶ ነበር። ግን የጥሩም መስኮት የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ በጥር አጋማሽ ይዘጋል። ጥር 15 ቀን ስሙን ያስገባ ልጅ ቢሮው ሁለት የሥራ ቀን ሲወስድ፣ ጉብኝት ሲያደርግ፣ ትራንስክሪፕቱ ሲመረመር ምዝገባው ያልፈዋል፤ ያኔ የፀደይ ልምምዱም ያልፈዋል ማለት ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያንሸራትተው የትምህርት ክሬዲት ነው። ተጫዋች ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ የዲግሪውን 40 በመቶ፣ ሦስተኛውን 60፣ አራተኛውን 80 በመቶ መሸፈን አለበት። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞው ያመጣቸውን ኮርሶች ለመረጠው ዲግሪ ካልቆጠረለት፣ በሜዳ ላይ ኮከብ ሆኖ በወረቀት ላይ ከደረጃ በታች ይሆናል። በጣም ከባዱ ደግሞ ስሙን አስገብቶ ማንም ያልጠራው ልጅ ነገር ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ ከወጣ የቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ከሴሚስተሩ በኋላ ስኮላርሺፑን የመቀጠል ግዴታ የለበትም፤ ቦታው ቀድሞ ተሰጥቷል።

ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች

በዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስ ወይም በአትላንታ ልጃቸው በሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል የሚጫወት ወይም የሚሮጥ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከአሰልጣኝ ጋር ሲቀመጡ የቃል ግብዣ ማንንም እንደማያስር ይወቁ። ቀድሞ የነበረው ብሔራዊ የፊርማ ደብዳቤ በጥቅምት 2024 ቀርቷል፤ አሁን የሚያስረው የተፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው። በእሱ ላይ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል፣ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት፣ የሚለው በቁጥር መጻፍ አለበት። ልጁ ከ105ቱ ውስጥ ለመሆኑ የተረጋገጠ ቦታ እንዳለው በቀጥታ መጠየቅም ነውር የለውም።

ከዚያ በፊት ግን ትምህርቱ አለ። ለከፍተኛው እርከን 16 ዋና ኮርሶችና በእነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። ከ16ቱ 10ሩ፣ ከነሱም 7ቱ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ፣ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። በ12ኛ ክፍል ደግሞ ውጤት ለማሻሻል ብሎ እነዚያን መድገም አይጠቅምም፤ ተቆልፈዋል። እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኤንሲኤኤ የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር አለው፤ አገር ቤት ጀምረው ዘግይተው ለመጡና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ ለተመደቡ ልጆች ዝርዝሩን በ9ኛ ክፍል ማየት ግድ ነው፤ ማጠናከሪያው ሁልጊዜ አይቆጠርምና።

የቁጥሩ ጣሪያ ለሩጫም መጥቷል፤ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አገር አቋራጭ 17፣ አትሌቲክስ 45። በተማሪ ቪዛ ያለ ሯጭ ዩኒቨርሲቲው የሚያካፍለውን ገንዘብ መቀበል ከቪዛው የሥራ ገደብ ጋር ሊያጋጨው ስለሚችል፣ ከመፈረሙ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ማማከር አለበት። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚመለመሉ ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጠረው 12ኛ ክፍል ከጨረሱበት ጊዜ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በክለብ ሲወዳደር የነበረ ሰው ከመጫወት መብቱ ሊቀነስበት ይችላል። ሰነድ ሲላክ የዘመን አቆጣጠሩ በግልጽ ይጻፍ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2016 ዓ.ም የጨረሰ ተማሪ ትራንስክሪፕት እዚያ እንዳለ ከተነበበ ተማሪው ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የጨረሰ ይመስላል፤ ማስተካከያው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እሱ እስኪመጣ የምዝገባ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።